ፀሐይ አናታችን ላይ ሆና ክረምት ለምን ይበርዳል?

ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባ የቀኑ ሙቀት ዝቅ የሚልባቸው ወራት ናቸው። ቴርሞሜትሩ ከ20 እና 21 ዲግሪ ሴልሺየስ እምብዛም አያልፍም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ወደ 25 ይጠጋል። ሰው ጋቢና ጃኬት ይደርብና «ፀሐይ ራቀች» ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በክረምት ቀትር ፀሐይ ከአናታችን ብዙም ሳትርቅ ትውላለች። ነሐሴ 24 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አይኖረውም። ደመናው ፈቅዶ ከታየ ነው እንጂ።

እንቆቅልሹ የሚፈታው የፀሐይ ሙቀት የሚጓዝበትን መንገድ ስንከተል ነው። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ወሎ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሙቀቱን የጫነው ከሩቅ ውቅያኖስ ነው፤ መጠኑን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ ፔሩ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ነው። በየጊዜው በዜና «ኤልኒኖ መጣ» ሲባል የሚወራውም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ፀሐይ ምን ያህል ትሰጠናለች?

ከከባቢ አየር በላይ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ ባቀና አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,361 ዋት ገደማ ያርፋል። ምድር ግን ክብ ናት፤ ግማሿም ሁልጊዜ ሌሊት ነው። ስለዚህ ኃይሉ በመላው ገጽዋ፣ በቀንም በሌሊትም ሲከፋፈል አራት እጅ ያንሳል፤ በካሬ ሜትር 340 ዋት ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 30 በመቶ ያህሉን ደመና፣ በረዶ፣ አሸዋና አቧራ ወዲያው ወደ ጠፈር ይመልሱታል። የሚቀረው 240 ዋት ነው ነፋሱንም፣ ማዕበሉንም፣ ዝናቡንም የሚያንቀሳቅሰው።

የገባ ሁሉ መውጣት አለበት። ምድር የወሰደችውን 240 ዋት በዓይን በማይታይ የሙቀት ጨረር መልሳ ወደ ጠፈር ትልካለች። መንገድ ላይ ግን የውኃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሌሎች ጋዞች ይህን ጨረር ይውጡትና ከፊሉን ወደ መሬት ይመልሱታል። እነዚህ ጋዞች ባይኖሩ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሆን ነበር። አሁን ከዜሮ በላይ 15 ገደማ ነው።

ወቅት የሚቀየረው ፀሐይ ስለምትርቅና ስለምትቀርብ ነው?

አይደለም። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ 25 አካባቢ ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትሆናለች። በጣም የምትርቀው ደግሞ ሰኔ 27 ገደማ፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ በሚደርሰን ኃይል ላይ 7 በመቶ ያህል ለውጥ ያመጣል። ዋናው ምክንያት እሱ ቢሆን ኖሮ አውሮፓ በታኅሣሥ በሞቀ ነበር።

ዋናው ነገር ጨረሩ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። ምድር በ23.5 ዲግሪ ዘመም ብላ ስለምትዞር፣ ሰኔ 14 ሰሜኑ ክፍል ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ ታኅሣሥ 12 ደግሞ ደቡቡ። አግድም የሚመጣ ጨረር ሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ ይሳሳል። ታኅሣሥ 12 ቀትር ላይ ስቶክሆልም ያለ ሜዳ፣ ፀሐይ አናት ላይ ብትሆን ከሚያገኘው 13 በመቶ ብቻ ይደርሰዋል፤ እሱም ቀኑ ከስድስት ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ይመሻል። በዚያው ቀን አዲስ አበባ 84 በመቶ ታገኛለች።

ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ስዊድን ያለ ሰው ወቅትን በብርድና በሙቀት ሲቆጥር እኛ በዝናብ መቁጠራችን አያስገርምም። ኢትዮጵያ በ3 እና በ15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ መካከል ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ታልፋለች፤ አዲስ አበባ ላይ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ። ከዓመት ዓመት የሚደርሰን ኃይል ብዙም አይለያይም። የሚለያየው ሰማዩ ነው።

ታዲያ ብርዱ ከየት ይመጣል?

ወፍራም የክረምት ደመና ከላይ የሚመጣውን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። ያለፈው ደግሞ የራሰውን መሬት በማድረቅ ያልቃል፤ አየሩን ለማሞቅ የሚተርፈው ትንሽ ነው። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ወደ ላይ በ1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የምንለው ክፍፍል መሠረቱ ይኸው ነው። ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ዳሎል በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆቹ) በተመዘገበው መረጃ የዓመት አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። 2,800 ሜትር አካባቢ ያለው ደብረ ብርሃን ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል።

የውርጩ ነገር ደመና ምን እንደሚሠራ በደንብ ያሳያል። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ አየሩም ደረቅ ነው። መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ጠፈር ሲለቅ የሚመልስለት የለም። ከመሬት ጋር የሚነካካው አየር ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ባቄላ ተርፎ ከሥር ሜዳው ላይ ያለው የሚጠወልገው ለዚህ ነው። በክረምት ግን ደመናው የሙቀቱን ጨረር መልሶ ስለሚልክ የቀኑ ቅዝቃዜ ሌሊቱን ያን ያህል አይብስበትም። ውርጭ ይሰጋል ሲባል ማሳውን ቀን ላይ ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ብዙ ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ጭስ ማጨስ ግን ከሚታሰበው በታች ነው የሚጠቅመው፤ የጭስ ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሙቀቱን እንደ ደመና አያግድም።

ነፋስ ከየት ይነሣል?

በምድር ወገብና በአካባቢው ያለው ክፍል ወደ ጠፈር ከሚለቀው የበለጠ ሙቀት ከፀሐይ ይቀበላል። ዋልታዎቹ ከሚቀበሉት የበለጠ ይለቃሉ። ነፋስና የባሕር ሞገድ ይህን ልዩነት ለማቻቻል የሚደረጉ ጉዞዎች ናቸው።

መሃሉ ላይ እሳት የነደደበትን ጎጆ ቤት ያስቡ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጣሪያው ሲያግደው ወደ ጎን ይዘረጋል፤ እየቀዘቀዘ በግድግዳው በኩል ይወርዳል። በበሩ ሥር ደግሞ ቀዝቃዛ አየር እየተሳበ ወደ ምድጃው ይገባል። ምድር ላይ ምድጃው በወገብ ዙሪያ ያለው የሞቀ ባሕርና ደን ነው። አየሩ እዚያ ይሞቃል፤ ይቀላል፤ ወደ ላይ ይወጣል። ጣሪያው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው አየር ሞቅ ያለ ስለሆነ አያሳልፈውም። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተዘርግቶ 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ይወርዳል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሃድሊ ይህን ዑደት በ1735 (እንደ ፈረንጆቹ) ጽፎታል፤ ስሙም በእሱ ይጠራል።

አየሩ ሲወጣ እርጥበቱን በዝናብ ጥሎ ስለጨረሰ፣ ሲወርድ ደረቅ ነው። በወረደ በ1,000 ሜትር ደግሞ ወደ 10 ዲግሪ ይሞቃል፤ ልክ የብስክሌት ጎማ የሚነፋ ፓምፕ ሲጨመቅ እንደሚግለው። ከላይ እየጋለ የሚጫን አየር ባለበት ደመና አይቆምም። ሰሃራና የዓረብ በረሃ ለዚህ በረሃ ሆኑ። ሪያድ የሚኖር ሰው በሰኔ አንዲት ደመና የሚናፍቀው ከወገብ ሰማይ የተነሣው አየር እሱ ላይ ስለሚወርድ ነው።

በሁለቱ ግድግዳዎች በኩል የወረደው አየር መሬት ለመሬት ወደ ምድጃው ሲመለስ፣ ከሰሜንና ከደቡብ የመጡት ነፋሶች የሚገናኙበት መቀነት ይፈጠራል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የነፋሳት መገናኛ ቀጣና ይሉታል። የዝናባችን ነገር ሁሉ የዚህ መቀነት ጉዞ ነው። ፀሐይን ከአንድ ወር በላይ ዘግየት ብሎ ይከተላል፤ በጥር ከወገብ በስተደቡብ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ አካባቢ ይውላል፤ በሐምሌ ወደ ሱዳንና ወደ ኤርትራ ይደርሳል። ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ከመቀነቱ በስተደቡብ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ ደጋ በክረምት ልክ ዶፉ ሥር ይገባል። ምዕራቡ ቀድሞ ዝናብ ያገኛል፤ ዘግይቶም ይለየዋል። ሰሜኑ ዘግይቶ ያገኛል፤ ቀድሞም ያጣዋል።

ነፋሱ ቀጥ ብሎ ለምን አይሄድም?

ምድር በወገቧ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ትሽከረከራለች፤ 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን ግማሹን ብቻ። ከአንዱ ኬክሮስ ወደ ሌላው የሚሄድ አየር የተነሣበትን ፍጥነት ይዞ ስለሚሄድ፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ፣ በደቡቡ ወደ ግራ ይታጠፋል። በዚህ ምክንያት ከደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ወገብን ሲሻገር ታጥፎ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ይሆናል።

ይህ ነፋስ ከሰኔ እስከ መስከረም የሶማሊያን የባሕር ዳርቻ ታክኮ በኃይል ይነፍሳል። የላዩን ውኃ ወደ መሃል ባሕር ስለሚገፋው ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል፤ በዚህ የተነሣ የሶማሊያ ዳርቻ በዓመቱ ሞቃት መሆን በሚገባው ወቅት ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ባሕር ደግሞ ደመና አያበዛም። እንግዲህ ያው ነፋስ የሚያልፍበትን የሶማሊያ ምድር በደረቁ ትቶ ይሄድና ኦማን ውስጥ ሳላላን በጉምና በካፊያ ያለመልማል።

ዝናቡ ሙቀት ተሸክሞ ይመጣል ማለት ምንድን ነው?

መሬትና ባሕር ከሚውጡት የፀሐይ ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው ውኃን በማትነን ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን 2.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ያንኑ ሊትር ከበረዶ ነጥብ እስከ መፍላት ለማድረስ ከሚጠይቀው ስድስት እጥፍ ነው። ይህ ሙቀት በቴርሞሜትር አይታይም፤ በተኑ ውስጥ ተደብቆ ከነፋሱ ጋር ይጓዛል። ተኑ ተመልሶ ጠብታ ሲሆን ግን አንድም ሳይቀር ይለቀቃል።

በተግባር እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር፣ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሺህ ሊትር ማለት ነው። አዲስ አበባ በነሐሴ 250 ሚሊ ሜትር ዘነበላት እንበል። ያ ውኃ ደመና ሲሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 625 ሚሊዮን ጁል ለቋል። ለወሩ ሰከንዶች ሲካፈል 240 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ምድር ከፀሐይ በአማካይ የምትወስደውን ያህል ማለት ነው። እዚህ ግን ፀሐይ በደመና ተጋርዳለች። ሙቀቱ የመጣው ከሌላ ቦታ፣ ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ደን፣ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕር ነው። እኛን ግን አያሞቀንም፤ የሚለቀቀው ከራሳችን በላይ በደመናው ውስጥ ስለሆነ አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከታች ደግሞ ሌላ እርጥብ አየር ይስባል። ዝናብ ዝናብን ይጠራል።

ተራራ ይህን ያፋጥናል። ከምዕራብ የመጣ እርጥብ አየር የኢሉባቦርን አቀበት ሲወጣ ቀዝቅዞ ጎሬና ማሻ አካባቢ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር የሚልቅ ዝናብ ይጥላል። ስምጥ ሸለቆው ላይ ሲወርድ ባዶውን ነው ማለት ይቻላል።

የዓባይ ግድብም በፀሐይ የሚሠራ ጣቢያ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ውኃውን ወደ ደጋው ያወጣችው እሷ ናት። ግን ምን ያህሉ ይመለስልናል? በግድቡ 130 ሜትር ገደማ የሚወርድ አንድ ሊትር 1,300 ጁል ያህል ይሰጣል። ፀሐይ እሱን ለማትነን ያወጣችው 2.5 ሚሊዮን ነው። ከ2 ሺህ አንድ እጅ መሆኑ ነው።

ሩቅ ያለ ባሕር እኛን እንዴት ይነካናል?

ውቅያኖስ የምድርን 71 በመቶ ይሸፍናል፤ ሙቀት በመያዝ ደግሞ አየር አይደርስበትም። የላይኛው ሦስት ሜትር ውኃ ብቻ ከመላው ከባቢ አየር ጋር የሚስተካከል ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ አየሩ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ባሕሩ ግን ለወራት ያስታውሳል። የወቅት ትንበያ የሚቻለውም ባሕሩ ስለሚያስታውስ ነው።

በሰላማዊው ውቅያኖስ በወገብ ላይ ነፋሱ በተለመደው ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። የሞቀውን የላይ ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል፤ እዚያ የባሕሩ ወለል ከደቡብ አሜሪካው ወገን ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ፔሩ ጋ ደግሞ የተገፋውን ለመተካት ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ ይወጣል። በየሁለት እስከ ሰባት ዓመቱ ይህ ነፋስ ይላላል፤ የተከመረው የሞቀ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። የመሃለኛው ክፍል ሙቀት ከአማካዩ በ0.5 ዲግሪ በልጦ ለወራት ከቆየ ኤልኒኖ ይባላል፤ በዚያው ልክ ሲቀዘቅዝ ላኒና።

ግማሽ ዲግሪ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። ነገር ግን ትልቁ የዝናብ ምድጃ ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው። አየሩ አሁን የሚነሣው በመሃል ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ስለሆነ፣ ሌላ ቦታ መውረድ አለበት። በክረምት ወራት ያ መውረድ ወደ እኛ አካባቢ ይዘልቃል፤ እርጥበት የሚያመጡልን ነፋሶችም ይዳከማሉ። በ2015 (እንደ ፈረንጆቹ) የታየው ከጠንካራዎቹ አንዱ ነው። በልጉ ሳይሳካ ክረምቱ ተከተለው፤ በማግስቱ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ።

ብዙ ጊዜ የሚሳተው ነገር ግን አለ። ኤልኒኖ ለመላው ኢትዮጵያ ድርቅ አይደለም። ለሰሜን፣ ለምሥራቅና ለመሃል ክረምቱን ሲያሳንስ፣ ለቦረናና ለሶማሌ ክልል ከመስከረም መጨረሻ በኋላ የሚጥለውን ዝናብ ያበዛል። ላኒና ደግሞ እዚያ ያደርቃል፤ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እንደ ፈረንጆቹ) በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ላኒና ሦስት ዓመት ተቀምጦ ነበር። በ2023 ኤልኒኖ ሲመጣ ያው አካባቢ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። የሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ማጋደል አለው፤ ምዕራቡ፣ ማለትም ከአፍሪካ የሚዋሰነው ጎን፣ ሲሞቅ ዝናቡ ወደ እኛ ይመጣል። በ2019 በጣም ሞቀ፤ የወረደው ዝናብ በረሃውን አለምልሞ ለአንበጣው መንጋ መራቢያ ሆነለት።

የአሁኑ ሙቀት መጨመር የፀሐይ ጥፋት ይሆን?

የፀሐይ ኃይል በ11 ዓመት ዑደት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ግን 0.1 በመቶ ገደማ ነው። ከ1978 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ሳተላይቶች ሲለኩት የጨመረበት አዝማሚያ የለም፤ ምድር ግን በእነዚያው ዓመታት ሞቃለች። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ላይኛው ከባቢ አየርም አብሮ በሞቀ ነበር። እሱ ግን እየቀዘቀዘ ነው፤ ሙቀቱ ከታች ታፍኗልና። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ነበር፤ አሁን ከ420 በላይ ወጥቷል። ከዚህ የተረፈውን ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚውጠው ውቅያኖስ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ መያዝ የሚችለው ተን 7 በመቶ ይጨምራል፤ ሲዘንብ ዶፍ የሚሆነው፣ ሲደርቅም አፈሩን ይበልጥ የሚመጠው ለዚህ ነው።

የወቅት ትንበያ ሲነገር እንዴት ይሰማ?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ትንበያቸውን በሦስት ክፍል ያቀርባሉ፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም መረጃ በሌለበት እያንዳንዱ 33 በመቶ ዕድል አለው። ስለዚህ «ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» ሲባል ድርቅ ሊመጣ ነው ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ከወትሮው ከፍ ብሏል፤ ግን ከ100 በ55 ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የወቅቱን ጠቅላላ መጠን እንጂ ዝናቡ የሚገባበትን ቀንም ሆነ በመሃል የሚቋረጥባቸውን ቀናት አይናገርም። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ለእነዚያ የአሥር ቀኑን ትንበያ ማየት አለበት።

ትንበያው መቼ እንደወጣም መጠየቅ ይገባል። የሰላማዊው ውቅያኖስ ነፋስና ውኃ በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ አቅጣጫቸው የሚያሻማ ስለሆነ፣ በእነዚያ ወራት ስለ ኤልኒኖ የሚሰጥ ግምት ብዙ ጊዜ ይስታል። ከግንቦት አጋማሽ በኋላ የሚወጣው ይሻላል። ችግሩ፣ ያኔ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ማሽላ በብዙ ቦታ ተዘርቶ አልቋል።